የሸሚዝህ ጠርዝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኦሪን፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ማሪትስ? ሁለቱ ሴቶች ልጆችህስ አደጉ? የአላስካው ብርድ፣ የመርከቡ ሥራ፣ ያ የሚያምህ ትከሻ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደኅና ነን። አባባ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሾርባ እንኳ ሳይደፋ ከአፉ አያደርስም። ዓይንህን ካየን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ናፍቀኸኛል፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዳችን የድሮ ሰፋሪዎችን ኑሮ ለጎብኚ ለምናሳይበት ለጠረፍ ዘመኑ ትርኢት ወንዙ ዳር ሰፈርን። ሸራው፣ ጭቃው፣ የሚነክሰው ጫማ ሁሉ እንደምታውቀው ነው። እንደ ሺህ ሰባት መቶዎቹ ዓመታት ሰፋሪ ልሁን ብዬ ስልኬን ሦስት ቀን ዱቄት ከረጢት ውስጥ ቀበርኩት። የጎረቤታችን የኦፓል ባል ዱዌይን ዘንድሮም ሱሪው አልዘጋ ብሎት በገመድ አስሮት ነው የዋለው።

ደንቡም ያው ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት መድፉ ከመተኮሱ በፊት በገዛ እጁ፣ በባልጩትና በብረት እሳት ያልለኮሰ ቤተሰብ ቦታውን ለተጠባባቂ ይለቃል። አባባ ያቺን የወንዙ መታጠፊያ ላይ ያለች ቦታ ሠላሳ አንድ ዓመት ይዟታል። እማማ በሞተችበት ዓመት እንኳ አልቀረም።

ዘንድሮ ባልጩቱ ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። ለእኔ ሰጠኝ። ስመታው ብልጭታው እንደ ጉድ ይወጣል፤ ብልጭታውን እንዲይዝ ቆርቆሮ ውስጥ አክስዬ ያመጣሁት ጨርቅ ግን እሳት አልይዝ አለ። አባባ ቆርቆሮውን ተቀብሎ አሸተተና «ሎሬና፣ ከምንድን ነው ያከሰልሽው?» አለኝ። ከቀድሞ ባሌ ሸሚዝ ነበር። ሞት ይርሳኝ፣ ግማሹ ፖሊስተር ኖሯል፤ ቀልጦ እንደ ሙጫ ተጋግሯል። እዚያ መስክ ላይ ላደግሁት ለእኔ ይህ ያሳፍራል። ኦፓል ሰምታ ኖሮ «የዛ ሰውዬ ነገር ድሮም እሳት አያነሣ» ብላ ሳቀችብኝ። ወዲያው ግን «ነይ ፍም ውሰጂ ባክሽ፣ ማን ያይሻል» አለች። አባባ ኩራቱ እራቱ አይደል፣ «እኔ ፍም ለምኜ አላውቅም» አለ። መድፈኞቹ ባሩድ እየጎሰጎሱ ነበር።

ያን ጊዜ ቀና ብሎ ሸሚዝህን አየ። እማማ ለአንተ የሰፋችውን ማለቴ ነው፤ በየዓመቱ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ይሰቅለዋል። ጎብኚ የማን ነው ሲለው «የልጄ ነው፤ ውኃ ሊቀዳ ወርዷል» ይላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውኃ ስትቀዳ ኖረሃል።

«ከጠርዙ ቅደጂ፤ ንጹሕ የተልባ እግር ነው» አለኝ። «የእማማ ስፌት እኮ ነው» አልኩት። «ቅደጂ አልኩሽ» አለ፤ ቀደድኩት።

ቁራጩን ቆርቆሮው ውስጥ ዘግተን የኦፓል ፍም ላይ ጣድነው፤ ጨርቅ ማክሰል ልመና አይደለም ብሎ አባባ ራሱ ፈረደ። ጭሱ ሲቆም አውጥቼ መታሁ፤ በሦስተኛው ያዘ። ደረቁ ሣር ውስጥ አድርጌ እፍ ስል እንባዬ መጣ፤ ከጭሱ ነው ብዬ አልዋሽህም። እሳቱ ቦግ ከማለቱ መድፉ ጮኸ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴትዮ ያ ሸሚዝ የማን ነው አለችው። የተለመደውን የውኃ መልስ ስጠብቅ «የልጄ ነው» አለ፤ «ሠርጉ ከዚህ ትርኢት ጋር ገጠመብኝና እኔ ትርኢቱን መረጥኩ። ስህተት ነበር።» ሴትዮዋ ወደ ቆዳ ፋቂው ሄደች። እኔም ድስቱን ማማሰል ትቼ ቆምኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም፣ ኦሪን።

ከደብዳቤው ጋር የምትደርስህን ጠፍጣፋ ቆርቆሮ የላከልህ እሱ ነው። የተረፈውን የከሰለ ጨርቅ በሙሉ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ፣ አንድ በአንድ ከተተልህ። ለከርሞ ሌላ ላክስል ብለው ከለከለኝ። «የከርሞው እሳት ኦሪን ዘንድ ነው ብለሽ ጻፊለት» ብሎኛል።

ማሪትን እቀፍልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ አያታቸው በስማቸው እየጠራ ይጠይቃል። ኦፓልና ዱዌይን ሰላም ብለውሃል። ሸሚዝህ አንድ ስንዝር አጥሯል፤ ቢሆንም ይበቃሃል።

እህትህ ሎሬና
ስቶኒ ክሪክ፣ ፔንሲልቫኒያ
ኦክቶበር 6 ቀን 2019