ሥራ ፈቱ እንዴት ተገናኘ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 2

መስኮት ወለወልኩ። መጻሕፍቱን በቁመት ደረደርኩ፤ ከዚያ በቁመት መደርደር ትርጉም እንደሌለው ታየኝና አውርጄ በትምህርት ዓይነት ደረደርኳቸው። የድሮ የክፍል መዝገቦቼ ከታች፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ። ጡረታ ማለት ይኸው ነው...

ልጄ ለምሳ መጣች። አንድ እጇ ማንኪያ፣ አንድ እጇ ስልክ። ምን ሆነሻል ብላት፣ "ከመሥሪያ ቤት ፋይል እየወጣ ነው" አለች። የምትሠራው የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ነው፤ ኮምፒውተሮቹን የምትጠብቀው እሷ ናት። ከትልቁ ኮምፒውተር በየቀኑ ወደማይታወቅ አድራሻ የሆነ ነገር ይላካል። ማን እንደሚልክ አልታወቀም። አለቃዋ እስከ አርብ ስም አምጪ ብሏታል። የምትመኘው የክፍል ኃላፊነትም የሚወሰነው በዚሁ ወር ነው።

"ታዲያ በምን ይታወቃል?"

"ሶኬቶቹን ከከርነሉ ውስጥ ሆኜ እየተከታተልኩ ነው።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት አየሁ። እሷ እኔን አየችኝ። በሳቅ ፍርስ አለች። እኔ የምሬን ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ ደብተር አውጥቼ አስረጂኝ አልኳት። ትርጉም ያልሰጡት ቃል አይገባኝም።

ከርነል፦ የኮምፒውተሩ እምብርት። ፕሮግራም ሁሉ የሚሠራው በእሱ ፈቃድ ነው። ሶኬት፦ አንድ ፕሮግራም ከውጭ ኮምፒውተር ጋር ለመነጋገር ሲፈልግ ከርነሉን ጠይቆ የሚያስከፍተው በር።

"በቃ?" አልኳት።

"በቃ እንኳ አይባልም፣ ግን ለአንቺ ይበቃል።"

ለአንቺ ይበቃል! አርባ ዓመት ሒሳብ ላስተማረች ሴት!

ልጄ አንድ ተቆጣጣሪ ጽፋለች። እዚያው ከርነሉ ውስጥ ይቀመጣል። በር ሲከፈት አንድ መስመር፣ ከውጭው ጋር ሲገናኝ አንድ መስመር፣ ሲዘጋ አንድ መስመር ይጽፋል። በየመስመሩ ላይ ሰዓቱ፣ የሶኬቱ ቁጥር፣ ደግሞ በዚያ ቅጽበት ሲሠራ የተገኘው ፕሮግራም ስም። "እንደ ስም መጥሪያ ነዋ" ብላት፣ "አዎ ቲቸር" አለችኝ፣ እያሾፈች።

ገባኝ መሰለኝ። ወይስ አልገባኝም?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5

በሁለት እጇ የማይያዝ ወረቀት አትማ አመጣች። ኮምፒውተሩ ቆጥሯል፣ እሷም ቆጥራለች፤ ሦስተኛ ሰው እንዲቆጥርላት ፈለገች። "የሰው ሕይወት ነው እማ። አንቺ ደግሞ ግማሽ ማርክ እንኳ አያመልጥሽም።" ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። የማውቀው ሰው የለም፣ ለማን እናገራለሁ?

ትእዛዙ፦ መጨረሻው 47 የሆነውን አድራሻ ፈልጊ። "ተገናኘ" የሚለውን መስመር ብቻ ተመልከቺ። ስሙን ቁጠሪ።

"ለምን 'ተከፈተ' የሚለውን አናይም?"

"ሲከፈት ወዴት እንደሚሄድ ገና አይታወቅማ። አድራሻው የሚጻፈው ሲገናኝ ነው።"

ልክ ናት። ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት መስመር። ሠላሳ አንዱ ላይ የተጻፈው የዝናብ ስሌቱ ስም ነው። ሁለቱ ላይ ሰዓት አስተካካዩ፣ አንዱ ላይ ማተሚያው፣ አራቱ ላይ... "ሥራ ፈት"። ልጄ ስሞቹን በእርሳስ ተርጉማልኛለች።

"ሥራ ፈት ማነው ደግሞ?"

"ማንም አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሲያጣ የሚጻፍ ስም ነው። እሱን ተይው።"

ተውኩት። በቀይ ግን አሰመርኩበት።

የዝናብ ስሌቱ የጉንዳን ነው። ጉንዳን የሚሉት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ቀና ብሎ አያውቅም፣ ሥራ ብቻ። አንዴ እዚህ መጥቶ ነበር፣ ልጄ ታማ ወረቀት ሊያስፈርማት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ ሄደ። በነጋታው የምጽፍበት ጠረጴዛ መነቃነቁን አቆመ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከአንዱ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን አለ። ወዲያውም አልነገረኝ፣ ኋላም አልነገረኝ።

እሱ? እንጃ። ቁጥሩ ግን ሠላሳ አንድ ነው። ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።

አርብ፣ ጥቅምት 6

ስም ሰጠች። ጉንዳንን ከሥራ አግደው ወደ ቤቱ ላኩት። የሚወሰንበት የዛሬ ሳምንት፣ አርብ ነው።

"ምን አለ?"

"'እኔ አይደለሁም' አለ። ከዚያ ስሌቱን ማን እንደሚከታተለው ጠየቀ።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ምን ይላል እማ፣ ጉንዳን እኮ ነው።"

እራት አልበላንም ማለት ይቻላል።

እሑድ፣ ጥቅምት 8

እህቴ ደወለች። ምን እያደረግሽ ነው ስትለኝ ስለ አንድ ሥራ ፈት እያሰብኩ ነው አልኳት። "መስታወት ፊት ቁሚያ!" ብላ ዘጋችብኝ። ራሷ ደውላ ራሷ ዘጋች።

ግን የምር... ሥራ ፈት እንዴት ይገናኛል? ምንም የማያደርግ ነገር አራት ጊዜ ከውጭ ጋር ተገናኘ? ማተሚያውስ ከማን ጋር ምን ጉዳይ አለው? አንድ ተማሪ የማይሆን መልስ ሲጽፍ ይሰረዝበታል። ሰባት ተማሪ የማይሆን መልስ ሲጽፍ ግን እኔ የማየው ጥያቄውን ነው። ጥያቄውን ማን አወጣው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 9

ጠየቅኳት። ተቆጣች።

"ከሠላሳ ስምንት አራት! አራት ነው እማ! ሁልጊዜ ይመጣል እኮ፣ ማንም አያየውም!"

"ማንም ካላየው ሁልጊዜ እንደሚመጣ ማን ነገረሽ?"

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። በሩን አላጋጨችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። እሱ ይብሳል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

ከቁርስ በኋላ ማስመሪያና ሁለት እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። የሶኬቱ ቁጥር ከተከፈተ እስከሚዘጋ አንድ ነው፤ ረጅም፣ ፊደልና አሃዝ የተቀላቀለበት። "ተገናኘ" የሚለው መስመር ላይ ያለውን ቁጥር በወረቀት ቁራጭ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ በማስመሪያ፣ መስመር በመስመር፣ ያው ቁጥር "ተከፈተ" እስከሚልበት ድረስ። አንዱን ለማግኘት ሰባት ገጽ ተመለስኩ።

የመጀመሪያው፦ ሲገናኝ የዝናብ ስሌት ይላል። ሲከፈት... "ምትኬ ሙከራ"።

ተሳስቻለሁ ብዬ እንደገና አየሁ። አልተሳሳትኩም።

ሁለተኛው፦ ሲገናኝ ሥራ ፈት። ሲከፈት ምትኬ ሙከራ።

ሦስተኛውም።

ምሳ ረሳሁ። በዘጠኝ ሰዓት ሠላሳ ስምንቱንም ጨረስኩ። ሠላሳ ስምንቱንም የከፈተው አንድ ነው፣ ምትኬ ሙከራ። የዝናብ ስሌቱ የከፈተው የለም። አንድም።

ምንም አልገባኝም። በሩን አንዱ ከፍቶት እንዴት ሌላው ይገባል? ከሁለቱ የትኛው መስመር ነው የሚዋሸው? ወይስ ሁለቱም እውነት ነው? ሠላሳ አንድ ብዬ ሁለቴ የቆጠርኩትስ? ቆጠራው ልክ ነበር እኮ...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11

ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ድረሺልኝ አልኳት። ያመመኝ መስሏት እየሮጠች መጣች። ወረቀቱን ሰጠኋት።

ቆማ ማንበብ ጀመረች፣ ተቀመጠች። ሠላሳ ስምንቱንም አየች። ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

"እኔ ደደብ! ደደብ!"

"አስረጂኝ። ቀስ ብለሽ።"

አስረዳችኝ። በር የሚያስከፍተው ፕሮግራም ራሱ ቆሞ ነው የሚጠይቀው፤ ስለዚህ ያን ጊዜ የሚጻፈው ስም የራሱ ነው። ከውጭ መልስ የሚመጣው ግን በማንኛውም ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሲመጣ ከርነሉ ጠያቂውን አይጠብቅም፤ በዚያች ሰከንድ እየሠራ ያገኘውን ማንንም ያስቆምና በእሱ ሰዓት ላይ መልእክቱን ይቀበላል። ተቆጣጣሪው ደግሞ ዞር ይልና ያየውን ስም ይጽፋል።

"ታዲያ ለምን የጉንዳን ብቻ በዛ?"

"የሱ ስሌት አያርፍማ። ሌሎቹ ይተኛሉ። ማንም መጥቶ ዞር ሲል የሚያገኘው እሱን ነው።"

ከሁሉ የበለጠ ስለሠራ? ይኸ ነው ጥፋቱ? ደግሜ አስደገምኳት። ግማሹ አሁንም አልገባኝም፤ ይኸ ግማሽ ግን ገባኝ።

"ይኸ ምትኬ ሙከራ የሚባለውስ የማነው?"

መስኮቱን እያየች፣ "የኔ ነው" አለች። ሥራ የጀመረች ሰሞን፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ የፋይል ቅጂ ሌላ ቦታ ለማስቀመጥ የሞከረችው ነው። ያጠፋችው መስሏት ነበር። አላጠፋችውም። አድራሻው በኋላ ተላልፎ ተሰጥቷል፤ አሁን ማን እንደያዘው እንኳ አታውቅም። ፕሮግራሙ ግን በየቀኑ ይልካል።

"እማ... ዛሬ ባጠፋው መላኩ ይቆማል። ማንም አይጠይቅም።"

እንደገና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ "ኃላፊነቱ እኮ በዚህ ወር ነው።"

መልስ አልሰጠኋትም። ክፍል ውስጥ ጠይቄ ዝም ስል ተማሪ የሚፈራኝ ለዚህ ነበር። እኔ ግን እያስፈራራኋት አልነበረም። ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

ሳስተምር አንድ ቀን፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ስጽፍ መስታወት ተሰበረ። ዞር ስል አንዲት ልጅ ብቻ መስኮቱ ጋ ቆማለች፣ ዳስተር በእጇ። ስሟን የጥፋት መዝገብ ላይ ጻፍኩ። "እኔ አይደለሁም ቲቸር" አለች። ለምን ቆምሽ አላልኳትም። የዕለቱ ሰሌዳ አጥፊ እሷ እንደነበረች፣ የቆመችውም ዳስተር ልታራግፍ እንደሆነ ያወቅኩት ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ተራ ማውጫውን ሳይ ነው። ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ቀይራ ሄዳለች። መዝገቡን አላስተካከልኩም። ዓመቱ አልቆ ነበር... ይኸ ምክንያት ይሆናል?

ይህን ለልጄ ነገርኳት። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እጇን ዘረጋች። "ወረቀቱን ስጪኝ።"

አርብ፣ ጥቅምት 13

ወረቀቶቹን ይዛ ሄደች። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ስልኬን ባላየሁበት ደቂቃ የለም።

ነግራቸዋለች። አለቃዋ መጀመሪያ አልገባውም፤ "ሥራ ፈት ማነው?" ብሎ ጠየቀ አሉ። ደስ አለኝ፣ ብቻዬን አይደለሁም። ጉንዳን ሰኞ ይመለሳል። ለልጄ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

ስትመጣ አላለቀሰችም። ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ተኛች። እግሯ ላይ ነጠላ ጣል አደረግኩባት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17

መልካም አድርገናል ወይስ መጥፎ? ሁለቱንም። እንዴት ተብሎ ይታረማል ይኸ?

አርብ፣ ጥቅምት 27

ጉንዳን መጣ። ልጄ ናት ይዛው የመጣችው። እንደ ገባ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አየ፤ ካርቶኑ አለ። ከዚያ ተቀመጠ፣ ያው ወንበሩ ጫፍ ላይ።

የቆጠርኩት እኔ ነኝ አልኩት። እንዲያውቅ ፈልጌ ነው።

"ቆጠራዎ ልክ ነው እትዬ። ሠላሳ አንድ ነው" አለ።

ከዚያ፣ ቀና ብሎ፣ ልጄንም እኔንም እያየ፦

"ለምን አልጠየቃችሁኝም? አንድ ፎቅ ነው የሚለየን። ወርዶ 'ይህን አንተ ትልካለህ ወይ' ያለኝ ሰው የለም።"

ልጄ አቀረቀረች። እኔም። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣ። ሲወጣ "ይቅርታ አድርግልን" አልኩት። "እሺ" አለ። እሺ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ ይቅር ብሎናል ወይስ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው?

ልጄ ያስተካከለችውን አሳየችኝ፣ አንድ ገጽ አትማ። ስም ያለው "ተከፈተ" በሚለው መስመር ላይ ብቻ ነው። "ተገናኘ" እና "ተዘጋ" ላይ ሰዓቱ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ የስሙ ቦታ ባዶ ነው።

"ይኸ ቦታ ምን ሆነ?"

"ባዶ ነው። ማን እንደሆነ ካላወቀ አይጽፍም።"

ለባዶ ቦታ እኔ ስሰጥ የኖርኩት ዜሮ ነው። ገጹን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የሚታረም አላገኘሁም።

እሷ ከሄደች በኋላ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ካሉት መዝገቦች የዚያን ዓመቱን አወጣሁ። ገጹ አለ። "መስታወት ሰባሪ" ከሚለው አጠገብ ስሟ በራሴ ጽሑፍ፣ ጥርት ብሎ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም።

ማን እንደሰበረው ዛሬም አላውቅም። በቀይ እስክሪብቶ ስሟን ሰረዝኩት፤ በላዩ ምንም አልጻፍኩበትም።