ለአማትህ የሠራኸው እርከን

ይድረስ ለልጄ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይጽና፤ በሄድክበት ደግ ሰው አትጣ። እኛ ደህና ነን። የአባትህ የጉልበት ሕመም ቀለል ብሎለታል፤ እህትህም ሥራ ቀይራለች።

በአማትህ ጓሮ የሠራኸውን የድንጋይ እርከን ፎቶግራፍ በማጉያ መነጽር ጭምር አየሁት። አራቱም ግንቦች ያምራሉ፤ ሦስተኛው ግን ወደ ውጭ አጋድሏል። ግንቡ ወደ ዳገቱ ዘንበል ማለት እንዳለበት በአሥር ዓመትህ በሲባጎና ግማሽ ውሃ በያዘ ጠርሙስ እያሳየሁ አስተምሬሃለሁ። ዝናብ ሳይመጣ አፍርሰህ ሥራው፤ ሴትዮዋ ላይ እንዳይወድቅ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ቀንቻለሁ። የእኛ ጓሮ አፈር ዘንድሮም ታጥቦ እስከ ኩሽናው በር ወርዷል። ግንበኛው፣ ያ የድሮ ተማሪዬ፣ "ቲቸር፣ በሦስት ቀን እጨርስልዎታለሁ" ሲለኝ "የልጄ ሥራ ነው" ብዬ መለስኩት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሰምታ "ልጅሽማ ለአማቱ እየገነባ ነው፤ አንቺ አካፋሽን ታቅፈሽ ጠብቂ!" አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ፤ ቤት ስገባ ግን ፎቶግራፉን እንደገና አውጥቼ አየሁት።

አላስቸኩልህም። ለዕረፍት ስትመጣ አንድ ግንብ ብቻ ሥራልኝ፤ ድንጋዩን በየመጠኑ ለይቼ ከምሬዋለሁ። ጤናህ ይብዛ፤ ቤትህ ይሙቅ። አማትህንም ይዘሃት ና። እኔ ድንጋይ ሳቀብልህ፣ እሷ ቁጭ ብላ ትመልከተን።

እናትህ