የሮትልባህ ስም

ጥር 11
ጠዋት የአስተዳደር ሕግ አስተማርኩ። ፊት ወንበር ላይ ሁለት ተማሪዎች ተኙብኝ… አንዱማ አንኮራፋ። ከሰዓት በኋላ ከሮትልባህ መንደር የመጡ ሦስት ሰዎች ቢሮዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የመረጡኝ ሰዎች ናቸው። ዳቦ ጋጋሪዋ ሂልትሩድ፣ የመንደሩ ሊቀመንበር፣ ቀድማ ተናገረች።
"አምስት መንደር አንድ ከተማ ይሁን ተባለ፤ ይሁን። ስማችንን ለምን ይሰርዙብናል? እርስዎ የሕግ ሰው ሆነው፣ የክልሉ ምክር ቤት ውስጥ ተቀምጠው… ዝም?"
"አጣራለሁ" አልኩ።

ጥር 12
መንደሮቹን የሚያዋህደው ረቂቅ ሕግ፣ አንቀጽ ዘጠኝ። እውነትም "ስሞቹ ይሰረዛሉ" ይላል። ረቂቁ መጀመሪያ ምክር ቤት ሲቀርብ እጄን አውጥቼ ደግፌዋለሁ። ሳላነበው! ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ምን እለው ነበር?

የካቲት 3
ሮትልባህ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ጥፋቴን ነገርኳቸው፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ በሕግ ሰው ቋንቋ ሕጉን ተነተንኩ።
"ጨረሱ፣ ፕሮፌሰር?" አለች ሂልትሩድ።
"ጨረስኩ።"
"እሰይ። አሁን ደግሞ በእኛው በጀርመንኛ ይንገሩን።"
ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።
ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። "የሚስቴ መቃብር ላይ 'የሮትልባህ ልጅ' ተብሎ ተቀርጿል። ድንጋዩን ማን ሊያርመው ነው?"
ቃሉን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

የካቲት 19
ስሞቹ ይቆዩ የሚል ማሻሻያ አረቀቅኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር። የፓርቲያችን መሪ ፎልክማር ሰምቶ ጠራኝ።
"ኤገርት፣ ይሄን ካቀረብክ በሚቀጥለው ምርጫ ከፓርቲው የእጩዎች ዝርዝር ትወጣለህ።"
ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ኤዴልትራውት መች ትደነግጣለች! "የምክር ቤቱ ወንበር ቢቀር የዩኒቨርሲቲው አለ። እሱም ቢቀር ወጥ ቤት አንድ አለልህ፤ ድንች ትልጣለህ።"
አቀርበዋለሁ።

መጋቢት 14
አለፈ!! ሃምሳ አራት ለሃምሳ ሁለት። አራት ደቂቃ ብቻ ተናገርኩ፣ ያውም ስለ መቃብር ድንጋይ። ከተቃዋሚ ፓርቲዎቹም የደገፉኝ አሉ… ማን ያምናል? ሂልትሩድ ከላይ ከተመልካቾቹ መሃል ሁለት ጣቷን አፏ ከትታ አፏጨች። አፈ ጉባኤው ደወል ቢደውል ማን ሰምቶት!

ሰኔ 2
ፎልክማር ያለውን አደረገ፤ ከዝርዝሩ ወጣሁ። የወረዳችንን እጩ የሚመርጡት ግን፣ ፎልክማር ሳይሆን፣ እዚሁ ያሉት የፓርቲው አባላት ናቸው። ዛሬ ለስብሰባው ብሄድ… የሮትልባህ ሰው በሙሉ እዚያ! ለካ ባለፈው ወር ተሰልፈው አባል ሆነዋል። ከመቶ ስልሳ ሁለት ድምፅ መቶ አርባ ስምንቱ የእኔ። እጩ ሆንኩ።
"እርስዎም አባል ሆኑ?" አልኳት ሂልትሩድን።
"እኔ ፓርቲ የሚባል ነገር ዓይኑን ማየት አልፈልግም። ስላንተ ብዬ ነው።"
ስላንተ… ፕሮፌሰር የለ፣ እርስዎ የለ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እሷ ግን ሰሃን ይዛ መጣች።
"ምን ትገተራለህ፣ ኤገርት? ና፣ ቋሊማው ሳይበርድ ብላ።"