የግራ ጫማዬ

ልጄ ሩፋይዳ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጅዳ ድረስ ናፍቆቴ ይድረስሽ። እኔና እናትሽ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስልኩን እሷ እየነጠቀች አላናግር ስላለችኝ ነው መጻፌ።

የወገቤ ኦፕራሲዮን ቁስል ደርቋል። ሐኪሙ "አይጎንበሱ" ስላለኝ ወንበር ላይ ሆኜ እሰግዳለሁ፤ ደረሶቼም እቤት እየመጡ ቁርኣን ይቀራሉ። ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ ነው እንግዲህ። በገበያ ቀን ኮቴ እየሰማሁ የማን በቅሎ እንዳለፈች እገምታለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ሆኗል።

ባለፈው ጁምዓ ግን እምቢ ብዬ በከዘራ መስጊድ ሄድሁ። ደጁ ላይ ስደርስ ጎረቤታችን ሙሐሲን የግራ ጫማዬን ይዞ ከኋላዬ ደረሰ።

"ሸህ፣ ይቺ እኮ ከቤትዎ ደጅ ቀርታ ነበር" አለኝ።

"ጭቃው ይዞብኝ ነው" አልሁት። ዝናብ ከጠፋ ወር አልፎታል።

የላክሽልኝ ነጠላ ጫማ ቆንጆ ነው። ሌላ የምትልኪ ከሆነ ግን ከተረከዙ ማሰሪያ ያለው ይሁን፤ ለሽማግሌ እሱ ያምራል።

እናትሽ ለሐኪሙ ቀጠሮ ደሴ እንመለስ ትላለች። መንገዱ ወገብ ይሰብራል፣ ትንሽ ይቆየን እያልሁ ይዣታለሁ። ስትደውይ አመስግኚልኝ፤ የውዱእ ውሃ አሙቃ እግሬን የምታጥበኝ እሷ ናት። እያፈሰሰች "አቃጠለዎት እንዴ?" ትለኛለች። እንፋሎቱንና ፊቷን አየት አድርጌ፣ ገምቼ እመልስላታለሁ።

አብሽሪ ልጄ። የምትረግጪውን መሬት ሁሉ አላህ ያለስልስልሽ።

አባትሽ ሸህ ዒምራን
ከመካነ ሰላም