ውስጡ የማይታይ ጀሪካን

ሪያድ፣ ኅዳር 2007

ወንድሜ ረድዋን፣ እኔ የእማ ጸሐፊ፣ እህትህ ፈሪሃ፣ ከባድ ወንጀል መፈጸሜን አምናለሁ። የአሥራ አንድ ጎረቤት ሰላምታ በየስማቸው ጻፊ ብትለኝ «ሁሉም ሰላም ይሉሃል» ብዬ ገላገልኩህ። ምርቃቱን ግን አልነካሁም፦ «ልጄ፣ አላህ ከፊትህ ይቅደም፣ ከኋላህም ይከተልህ።»

አንተን በተርሒል አስገድደው ወደ አገር ከመለሱህ ወዲህ ሰፈራችን መንፉሐ ጭር ብላለች። በየመን በረሃ በእግርህ ልትመለስ መሆኑን ሰምታ፣ እማ እንደ ማዳም ተደላድላ ስለ ውሃ መያዣ ታስጽፈኛለች። እሷም የመጣችው በዚያው ነዋ!

«በፕላስቲክ ጠርሙስ አትያዝ፤ ውሃው ከውጭ ይታያል። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ግዛና እርጥብ ጆንያ አልብሰው። ስትጠጣ ዞር በል። ከለመኑህ አልቋል በል።»

እንግዳ ሳይጠጣ ውሃ የማትቀምሰው እናታችን ናት ይህን ያለችው! «ምነው እማ?» ብላት፣ «ለለመነችኝ ልጅ አልቋል ብያት ነው እዚህ የደረስኩት» አለችና ፊቷን አዞረች።

ረድዋን፣ ከዚህ በታች ያለው የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው። እባክህ አትምጣ። እዚያው ከሚሴ ሁን፤ እኔ እሷን…

«አንቺ ፈሪሃ! እኔ ዝም ካልኩ ቆየሁ፤ ምኑን ነው የምትጽፊው?»