በመስኮት የተሸጠ ጨው

አቃቂ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለአሰጋሽ
ድሬዳዋ፣ እህትሽ እታገኝ ቤት

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? የድሬ ሙቀት ለጉልበቴ ይሻለኛል ብለሽ ነበር። ተሽሎሽ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ካልተሻለሽ ደግሞ ነግሬሽ ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። የጓዳውን ቆርቆሮ ነፋስ ገንጥሎት ነበር፤ መልሼ መታሁት። ዶሮዎቹን ለጎረቤታችን ለለሜሳ ሚስት ሰጠኋት። ጠዋት ጠዋት በጓሮው በር ተሰልፈው አንቺን እየጠበቁ ሲንጫጩ አላስቀምጥ አሉኝ።

ስልክ የማልደውለው አኩርፌ እንዳይመስልሽ። በስልክ ሰው ከአፉ ያመለጠውን ይናገርና ይዘጋል። ደብዳቤ ግን ቢናደዱም ፖስታ ቤት እስኪደርሱ ድረስ ይበርዳል።

በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁትም። «ያ ባቡርህ አንድ ኪሎ ጨው ያመጣ ዕለት ጥራኝ፤ እስከዚያው ከሀዲድህ ጋር ኑር!» አልሽ። በሚያዝያ ለእታገኝ ልጅ ሠርግ ስትሄጂ አብሬሽ አውቶቡስ አልሳፈርም ማለቴ እንዳናደደሽ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ትኬት የተቆጣጠርኩበት መስመር ሣር ለብሶ ተኝቶ፣ እኔ በአውቶቡስ መስኮት እያየሁት በአጠገቡ አላልፍም አልኩ። ዛሬም ያልኩት ልክ ነው። ግን የሄድሽው ለሠርግ ነበር፤ ሠርግ ደግሞ ከነቅልቅሉ ሳምንት ቢፈጅ ነው። አንቺ ክረምቱን እዚያው አሳለፍሽ፣ መስቀልን እዚያው ዋልሽ፣ ይኸው ገናም ደረሰ።

እንግዲህ ስለ ጨው ነው የምጽፍልሽ።

ከሄድሽ ወዲህ ከምሳ በኋላ ጋደም ስል ባቡሩን አየዋለሁ። ሁልጊዜ ማለዳ ነው። ከአቃቂ ወንዝ የተነሣ ጉም ጣቢያውን ውጦታል። መጀመሪያ በሀዲዱ መሀል የበቀለው ሣር ማንም ሳይነካው ጎንበስ ይላል። ከዚያ ባቡሩ ይገባል፤ ድምፅ የለውም፤ እንደ ደመና ይመጣና ይቆማል። ፉርጎዎቹ ታጥበው ያበራሉ። እኔ ዩኒፎርሜን ለብሻለሁ፣ የትኬት መብሻዬ በእጄ ነው። በየመስኮቱ ሰው አለ። ፊታቸውን ለማየት ስጠጋ ጉሙ ወደ ውስጥ ይገባና እነቃለሁ።

ሕልም እንደ ፈቺው ነው። ስለዚህ ለማን እንደምነግረው ጨነቀኝ፤ ድሮ ላንቺ ነበር የምነግረው። ለሜሳን ታውቂዋለሽ፣ ዕድሜውን ሀዲድ ሲጠግን ኖሮ አሁን ነገር ሲጠግን ይውላል። ለእሱ ብነግረው፣ «ፍቺው ቀላል ነው። ጡረታ ይጨመርልኝ እያልክ ነው» አለኝ። ሁለተኛ አልነገርኩትም።

የነገርኩት ለረሻድ ነው። የባለሱቁ የሙህሲን የወንድም ልጅ ነው፤ ከሱቁ አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ከፍቷል። የጡረታ ደብተሬን ፎቶ ኮፒ ላስነሣ ገብቼ ማሽኑ እስኪሞቅ አወራሁት። ሥራውን ትቶ አዳመጠኝ።

«ጋሼ፣ ይኼን ለእኔ ብቻ ከሚያወሩ ለምን ብሎግ አይከፍቱም?» አለ።

«ብሎግ ምንድነው?»

«የራስዎ ጋዜጣ ይበሉት። ጸሐፊውም አዘጋጁም ባለቤቱም እርስዎ ነዎት።»

«አራሚውስ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ይሁን» አልኩት።

ድሬ ድረስ ወሬው ደርሶ «ተሰማ ብሎገር ሆነ» ቢሉሽ አትደንግጪ። የምጽፈው ስለ ባቡር ብቻ ነው። ማንበብን በየጣቢያው ሰሌዳ ላይ ራሴን እንዳስተማርኩ ታውቂያለሽ፤ መተየቡንም በአንድ ጣት ራሴን አስተማርኩ። ረሻድ «እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፈው» ቢል እምቢ አልኩ። የእኔን ባቡር ሌላ ሰው አይነዳውም።

በሕልሜ ያየሁትን ባቡር አስነሣሁት። በየሳምንቱ አንድ ጣቢያ እጽፋለሁ። ከአቃቂ ተነሥተን ዱከም፣ ከዱከም ደብረ ዘይት። በየቦታው ጉሙ እንዴት እንደሚገለጥ፣ ግራሮቹ እንዴት አብረው እንደሚሮጡ፣ ሕፃናት ከሜዳ ሆነው እጃቸውን ሲያውለበልቡ እጃቸው ከእኛ ጋር ትንሽ እንደሚሄድና እንደሚመለስ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ከሥር ሰው መጻፍ ጀመረ። «ጋሼ፣ እኔን ሞጆ ላይ ይጫኑኝ» ይላል አንዱ። ከገላን ኮንዶሚኒየም ያለ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ በስልኩ ያነበዋል፤ «ሰልፉ ባቡር ሆነልኝ» ብሎ ጻፈ። አደሴ የምትባል ሴት ደግሞ ከመተሐራ፣ «አባቴ ፍሬን ያዥ ነበር፤ አርፏል። አንድ ወንበር ይስጡልኝ» አለችኝ። የባቡር ሠራተኛ ነፃ ፈቃድ ስላለው ትኬት እንደማያስፈልገው፣ የኋላ ፉርጎ በሩ አጠገብ መቀመጡን፣ ፀሐይ እንደሚያገኘው ጻፍኩላት። አለቀስኩ አለችኝ። ለምን እንዳለቀሰች አልገባኝም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ያልሽኝን ለረሻድ ነገርኩትና «ይኼ ነገር ጨው ያመጣል?» አልኩት።

«ጨው? ኧረ ጋሼ፣ በውጭ አገር ሰው ቤት ይሠራበታል!»

መጀመሪያ ማስታወቂያ የሚያከፋፍል ትልቅ የውጭ ኩባንያ አለ ብሎ አመለከተልኝ። መልስ መጣ። አማርኛን አናስተናግድም ይላል። ረሻድ አዘነ፤ እኔ አላዘንኩም። ባቡሩን ፈረንሳዮች ሲሠሩት እኛ ነን ቋንቋቸውን የተማርነው፤ አሁን ተራው የእነሱ ነው።

ቀጥሎ አንድ ፍራሽ ሻጭ አመጣልኝ። በጽሑፌ መሀል ፍራሹን ካመሰገንኩ ይከፍለኛል።

«ሳልተኛበት አላመሰግንም» አልኩት።

ሰውዬው ሳቀና ፍራሹን ቤት ድረስ አስመጣልኝ። ተኛሁበት። ወገቤ እንደተሰበረ ግንድ ሆነ። ሕልሜ እንኳ ተበላሸ፤ ባቡሩ ገባ፣ ግን ጎብጦ ነበር። ያየሁትን ጻፍኩ። ሰውዬው እየጮኸ መጣ።

«ስምህን ጠቅሼ ጽፌያለሁ፣ ሌላ ምን ፈለግህ?» አልኩት።

«ወገብ ይሰብራል ብለህ!»

«ይሰብራላ!»

ፍራሹን በትከሻው ተሸክሞ ወጣ። ለሜሳ በር ላይ ቆሞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ከዚያ ረሻድ፣ «እሺ ጋሼ፣ ወንበር እንሽጥ። የሞባይል ካርድ ቁጥር የላከ ይሳፈራል። ሰው ደስ እያለው ይልካል» አለ። ይኼን ሲል ተቆጣሁት። ያለ ትኬት ማንንም አሳፍሬ አላውቅም፤ ለሌለ ባቡር ደግሞ ትኬት ሸጬ አላውቅም። «እንግዲያው አንባቢዎችን እርዱኝ ይበሏቸው» አለ። መንገደኛን የሚያስቸግረው ልመና ይበቃዋል አልኩት። ልጁ ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ መንገዱን ሁሉ እየዘጉት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ያንን ሰሞን ጽሑፍ አልጻፍኩም። ከምሳ በኋላ ጋደም ብል ጉሙ ብቻ ይመጣል፤ ባቡሩ አይገባም። አንድ ኪሎ ጨው እንዲህ ሩቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ሙህሲን ራሱ ከሱቁ ወጥቶ ጠራኝ።

«ተሰማ፣ ሱቄን እዚያ ባቡርህ ላይ ጣል አድርጋት፤ እከፍልሃለሁ።»

«ባቡር ውስጥ ንግድ ክልክል ነው።»

«ውስጥ ልግባ አልኩህ? ስማ እንጂ! ልጅ ሆኜ ናዝሬት ጣቢያ ብርቱካን ይዤ ልሳፈር ስል፣ ከበሩ የመለስከኝ አንተ አይደለህም?»

«ደንብ ነው።»

«ደንብ ነው። ከመለስከኝ በኋላ ግን ምን አልከኝ? ‹በመስኮት ሽጥ› አልከኝ! ይኸው ሸጬ ሸጬ ሱቅ ከፈትኩ። አሁንም በመስኮት አሽጠኛ፣ አንተ ደረቅ!»

ሰውዬው ልክ ነው። ሸቀጥ ይዞ መሳፈር ክልክል ነው፤ በመስኮት መሸጥ ግን መቼም ተከልክሎ አያውቅም። ባቡሩ ሲቆም የብርቱካኑ፣ የሸንኮራው፣ የቆሎው ሻጭ ከሥር ሆኖ ይጣራል፤ ፊሽካ ሲነፋ ወደ ኋላ ይላል። ያ ጩኸት ከሌለ ጣቢያ ነው ለማለት እንኳ ይቸግራል። በሕልሜ ባቡሩ ድምፅ ያጣው ለካ ሻጭ ስለሌለው ነው።

በዚያው ቀን ጻፍኩ። ከጽሑፉ ሥር፣ ከመስመር ውጭ፣ እንዲህ አልኩ፦ «ባቡሩ ለትንሽ ጊዜ ይቆማል። በመስኮት፣ ከአቃቂ ገበያ፣ ሙህሲን፦ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጨው። የገዛችሁ መልሳችሁን ሳትቀበሉ አትሂዱ።» ጨውን ማስገባቴን ያየው ረሻድ ብቻ ነው፤ ሳቅ አለ።

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት አስተማሪ ከቱሉ ዲምቱ ድረስ መጥታ ሙህሲንን፣ «ከባቡሩ ወርጄ ነው፤ ሳሙና ይስጡኝ» አለችው። ከዚያ ሌላ መጣ፣ ሌላም። ሙህሲን ወሩ ሲያልቅ ብር ቆጥሮ ዘረጋልኝ።

«ብሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ አንድ ኪሎ ጨው መዝንልኝ» አልኩት።

«ሰው ብር ሲሰጡት ጨው ይላል እንዴ?»

«መዝን።»

ለሜሳ እዚያው ቆሞ ነበርና፣ «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» አለኝ። ለምን እንዳለው ገብቶኛል።

ጨዉ እዚህ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቴ ነው። አልከፈትኩትም። ከባቡሩ የመጣ ነው፤ ባቡሩ ራሱ ጨው አመጣ። እንግዲህ ያልሽው ሆኗል።

ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ባቡሩ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን፣ አፍደምን አልፎ ኤረር ደርሷል። ከዚያ የቀረው ትልቅ ጣቢያ ድሬዳዋ ብቻ ነው። ኤረር ላይ ቆሞ ስንት ጊዜው። አንባቢዎቹ «ጋሼ፣ ምን ሆነን ቆምን?» ይሉኛል። መስመር እስኪለቀቅ ነው እላቸዋለሁ። እውነቱ ግን፣ በሕልሜ ያላየሁትን ጣቢያ አልጽፍም። በሕልሜ አሁን የተሳፋሪዎቹ ፊት ሁሉ ይታየኛል፤ ያ የገላኑ ሰው፣ የአደሴ አባት። ድሬ ስንቃረብ ጣቢያው ነጭ ብርሃን ይሆናል፤ በብርሃኑ ውስጥ ሰው ይቁም አይቁም ሳልለይ እነቃለሁ።

በሁለተኛው ፉርጎ በመስኮቱ በኩል አንድ ባዶ ወንበር አለ። ሁሉም እሱን ይጠይቃል። «ተይዟል» እላለሁ። ለማን እንደተያዘ ለማንም አልተናገርኩም። ላንቺም አልናገርም።

አንቺ ጥራኝ ነው ያልሽው። እኔ ደግሞ ሰው መጥራት አልችልበትም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት የመጣውን መቀበል ነው። ጨው ደግሞ በፖስታ አይላክም። ስለዚህ በሙህሲን ብር ከጥምቀት ማግስት ለሚነሣው የድሬ አውቶቡስ ትኬት ቆረጥኩ። ሀዲዱ በማይታይበት በኩል ያለውን ወንበር ስጠኝ አልኩት ትኬት ቆራጩን።

«በየትኛው በኩል ነው የማይታየው፣ አባባ?»

«አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ዓይንዎን ጨፍነው ይሂዱ» ብሎ ሰጠኝ።

ሲያስቡት ደህና ምክር ነው። ዓይኔን ከጨፈንኩ በምን እንደተሳፈርኩ ማንም አያውቅብኝም።

የመመለሻውንም ልቁረጥ ብዬ ነበር። የመመለሻው እዚያው ድሬ ነው የሚቆረጠው አለኝ። ይሁን። ስንት እንደምቆርጥ እዚያ ስደርስ አየዋለሁ።

ለእታገኝና ለሙሽሮቹ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሠርጋቸው ላይ ባልገኝም ቤታቸው ይሙላ፣ ልጅ ይፈንጭበት በያቸው። አንቺንም ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ መንገድሽን ሁሉ ያለምልምልሽ፤ በረከቱ ካንቺ አይራቅ።

ተሰማ

እታገኝ ቤት ጨው ካለቀ፣ እስከዚያ አትግዙ።