ጉብታችንን ከጉብታነቱ ስላዳኑልን

ለተከበሩ የጥንታዊ የአፈር ምሽጎች ጥበቃና ማስዋብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከሰሞኑ ጎርፍ ወዲህ ጉንፋኑ ለቀቅ እንዳደረገዎት፣ ሙሉ ልብስዎም እንደ ደረቀ ተስፋ በማድረግ የአክብሮት ሰላምታዬን ከአሸዋው ወንዝ ማዶ አቀርባለሁ። እኔ ሙስአብ ዒብራሂም ቀን ቀን ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ውስጥ የሞባይል ሽፋን የምሸጥ፣ ቤቴ ግን እርስዎ በቅርቡ ከጠበቁልን ጉብታ ሥር የሆነ የድሬዳዋ ነዋሪ ነኝ። ደብዳቤውን በአደባባይ የጻፍኩትም ውለታዎ በፖስታ ታሽጎ እንዲቀር ስላልፈለግሁ ነው።

ለማያውቁት አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ ጉብታው በተፈጥሮ የኖረ ኮረብታ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን እንደሚሉት በጥንት ዘመን አንድ የአካባቢው ሹም አፈር አስቆልሎ ያሠራው ምሽግ ነው። አናቱ ላይ በእንጨት የታጠረ ቤት ነበረው፤ ግርጌው በጥልቅ ጉድባ ተከቧል፤ ከጉድባው ወዲያ ደግሞ ሰውና ከብት የሚጠለልበት ሰፊ ግቢ በአፈር ክትር ተከልሎ ነበር። እንጨቱ ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል። አፈሩ ግን ክቡርነትዎ እስኪመጡ ድረስ ቆሞ፣ ከሰዓት በኋላ ለጫት በርጫችን ጥላ እየሰጠ፣ በክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በጉድባው ተቀብሎ ወደ ወንዙ እየመራ አኑሮናል።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. «ቅርሱ ሊጠበቅላችሁ ነው» ስንባል አጥር ወይም ዘበኛ ጠብቀን ነበር፤ እርስዎ ግን ዶዘር ላኩልን። ለጥበቃው ምረቃ የሚመጡት እንግዶች መኪና የሚያቆሙበት ቦታ ስላስፈለጋቸው ክትሩ ተደርምሶ ጉድባው እንዲሞላበት መወሰኑን ባለሙያዎ በትሕትና አስረዱን። ቅርስን ለማስመረቅ ቅርሱን ከመንገድ ማንሳት እኛ ነጋዴዎች ብቻችንን ልንደርስበት የማንችል ሐሳብ ነውና እናመሰግናለን።

፪. ሥራው በግማሹ ሲደርስ፣ ከጉብታው በታች ሳምቡሳ የሚጠብሱት ጎረቤታችን፣ በአክብሮት ኤዶ የምንላቸው ሃሊሞ፣ በርጩማቸውን ይዘው ዶዘሩ ፊት መቀመጣቸው ሥራዎን አስተጓጉሏል፤ በእርሳቸው ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዶዘሩ ሹፌር መሃድ ሞተሩን አጥፍቶ «ኤዶ፣ ተነሺልኝ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» ቢላቸው፣ «አቦ መሃድ፣ ይሄን ስትሞላው ውሃው የት ይሂድ? እኔ ቤት ይግባ?» አሉት። ባለሙያዎም «የውሃ ጉዳይ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው» ሲሉ በግልጽ መለሱላቸው። በሰፈራችን ከዓመታት በፊት ጎርፍ ሰው ያልወሰደበት ቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ኤዶ ሲቀመጡ የሳቀ አልነበረም። እኔም ልጄ ዊዳድ የምትተኛበት ፍራሽ መሬት ላይ መሆኑ ትዝ ብሎኝ፣ ሱቄን ዘግቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሌሎችም ወንበር ይዘው መጡ። መሃድ አንዴ እኛን፣ አንዴ ባለሙያውን ካየ በኋላ «ዶዘሩ ሞቋል፣ ይረፍ» ብሎ ወረደ፤ ሳምቡሳም ቀረበለት። ዶዘሩ ከዚያ ወዲያ ሳይቀዘቅዝ ሰነበተ፣ በእኛ በኩል ያለው የጉድባ ግማሽም ሳይሞላ ቀረ። ጽሕፈት ቤትዎ ይህንን «በታቀደው መሠረት በከፊል ተጠናቋል» ብሎ ማስነገሩን በአድናቆት ሰምተናል።

፫. የምረቃው ዕለት ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው። እርስዎ አዲስ በተሞላው ጉድባ ላይ ከተተከለው ድንኳን ውስጥ ሆነው «ዘመናት ያልበገሩት ቅርስ» የሚለውን ሐረግ ሲያነቡ፣ ውሃው በለመደው መንገድ መጣ። መንገዱ መዘጋቱን የነገረው ስላልነበረ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ወንበሮቹ ቀድመው ሄዱ፣ ሪባኑም ሳይቆረጥ ተከተላቸው። ክቡርነትዎ ወደ ጉብታው ሲሮጡ እጅዎን ይዤ ያወጣሁዎት እኔ ነኝ፤ በዚያ ፍጥነት ማንነቴን ለመጠየቅ ስላልተመቸዎት አልተቀየምኩም። ለጥንቱ ሹም የተሠራው ምሽግ ዛሬም ሹም ለማዳን ብቁ መሆኑን በራስዎ ላይ ሞክረው ስላረጋገጡልን ግን ልዩ ምስጋና ይገባዎታል።

በእኛ በኩል የቀረው ግማሽ ጉድባ የደረሰውን ውሃ ተቀብሎ ወደ ወንዙ ወሰደው። አንድም ቤት አልገባም። ዊዳድን ከጉብታው አናት ሆኜ በራችን ላይ በደረቅ እግሯ ቆማ ሳያት እጄን አውለበለብኩላት። ኤዶ ሃሊሞ ለተጠለሉት እንግዶች ሁሉ ሳምቡሳ ሲያድሉ ባለሙያዎ ዘንድ ደረሱና «ያ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው ያልከኝ ውሃ፣ የመጣው ይሄ ነው?» አሏቸው። ባለሙያዎ ሳቁ፤ እርስዎም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ወደድንዎት።

፬. በማግስቱ አርብ ስለነበር ከጁምዓ በኋላ ሰፈሩ አካፋ ይዞ ወጥቶ የተሞላውን ጉድባ መልሶ መቆፈር ጀመረ። መሃድም ያለ ዶዘሩ መጥቶ ራሱ የሞላውን አፈር እየሳቀ ሲዝቅ ዋለ። ጉድባው ዛሬ ትንሽ ቢንጋደድም ውሃ ያሳልፋል። ክትሩ ግን አልተመለሰም። አፈሩን በቦታው ከመርነው፤ ክምር ሆነ እንጂ ያ ክትር አልሆነም። ለዚህኛው ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ስላላወቅሁ ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ።

ከእንግዲህ የምንለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ እርሱም እንዲረሱን ነው። ሌሎች ጉዳዮቻችንን ለዓመታት የረሱበትን ትጋት ለጉብታችንም እንዳይነፍጉት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከጎርፍም ከጉንፋንም ይሰውርዎ፤ በደረሱበት ሁሉ ሊወጡበት የሚችሉ ከፍታ አይጡ።

በጥበቃዎ ሥር ወድቆ የተረፈው፣
አክባሪዎ ሙስአብ ዒብራሂም

ማስታወሻ፦ ቀጥሎ ሊጠበቅ የታሰበው የመስጊዳችን አሮጌ የውሃ ጉድጓድ መሆኑን ሰማን። ቀድመን እንድንደብቀው የጥበቃውን ቀን ቢያሳውቁን ምስጋናችን የላቀ ነው።